ሦስተኛው እሳት

ጥሩወርቅ የማትፈራው ነገር ጥቂት ነበር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ ሲራገጡበት እያየች እንኳ ጎርፍ ትፈራለች። ባጃጅ ትፈራለች። የልጅ ሳል ትፈራለች፤ የማያስል ልጅ ካየች ደግሞ ምን ነክቶት ዝም አለ ብላ ትፈራለች። እሳትን ግን ፈርታ አታውቅም። አባቷ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በገዛ እጁ በገነባው የዳቦ ምድጃ፣ በፉርኖው አፍ ላይ ሃምሳ ዓመት ቆማለች፤ እሳት ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ታነባለች።

የቤቱ ዝና ደረቅ ዳቦ ነው። ጥንት ወደ ጅቡቲ በባቡር ለሚሄድ መንገደኛ ነበር የሚጋገረው። ዳቦው ተጋግሮ ያድርና ይቆረጣል፤ ከዚያ ሁለተኛ እሳት ይገባል፤ ሲሰበር እስኪጮህ ይደርቃል፤ ሻጋታ አይደፍረውም። መንገደኛው ሲሳሳ በምትኩ እናቶች መጡ። ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ከጥሩወርቅ ነው የሚገዛው። በወተት ይነከራል፣ ወይም እንዲሁ ለሕፃኑ እጅ ይሰጣል።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ትሪው ከእሳት ሲወጣ ማንም ሳይነካው የቤቱ ትልቅ ሴት ትመጣለች። አንዱን ታነሳለች፣ ትሰብራለች፣ ወደ ብርሃን ታዞራለች። ቀለሙ የበሰለ ቴምር ከመሰለ ዝም ትላለች። ካልመሰለ «ይመለስ» ትላለች። ይመለስ ከተባለ ይመለሳል፤ ክርክር የለም። እናቷ እንዲህ ነበረች፤ እሷም እንዲህ ናት። ሠላሳ ዓመት አብሯት የጋገረው ናሲር አንዳንዴ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ተደግፎ ይቀልድባታል።

«አዴ ጥሩ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ነጥተሃል ብለሽ ትመልሺኛለሽ።»

«ከነጣህ አዎ» ትለዋለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የልጅ ልጇ ሶፊ ሁለት ጆንያ ዱቄት በባጃጅ ጭና መጣች። ሶፊ ከከተማው ወጣ ባለ የምርምር ጣቢያ የስንዴ ዘር የምታዳቅል ልጅ ናት። ጥሩወርቅ ነበረች ያሳደገቻት፤ ስለዚህ ስለ ስንዴው የሚሰማት ፍርሃት ገና ሲዘራ ነው የጀመረው። ከጆንያዎቹ አንዱ አፉ በቀይ ክር፣ ሌላው በነጭ ክር ታስሯል።

«እማማ፣ ደረቅ ዳቦ እንድትጋግሩልኝ ነው» አለች ሶፊ። «የቤተ ሙከራችን ምድጃ ትንሽ ነው፤ እኔ ሰው የሚበላበትን እሳት ነው የምፈልገው። ነጭ ክሩ ሁልጊዜ የምንበላው ስንዴ ነው። ቀዩ የእኔ ነው።»

«ያንቺ ሲሆን ምን ይሆናል?»

ሶፊ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ማስረዳት ስትጀምር እጆቿ እንደ አባቷ ይንቀሳቀሳሉ። ዳቦም ሆነ ድንች በኃይለኛ እሳት ሲጠቁር በራሱ የሚፈጠር ነገር አለ አለች፤ አክሪላማይድ ይሉታል። ማንም አይጨምረውም፤ እሳቱ ነው የሚሠራው። በብዛት የተሰጣቸው አይጦች ካንሰር ይዟቸዋል። ሰው ላይ እርግጡ ገና አልታወቀም።

«ቢሆንም ሕፃን ትንሽ ነው እማማ። ለክብደቱ ሲታይ የሚበላው ብዙ ነው። ቢቀንስለት ይሻላል።»

ጥሩወርቅ የያዘችውን ዳቦ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «ሃምሳ ዓመት ሕፃን ስጎዳ ኖርኩ በይኛ።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አላልሽም። እኔ ግን ሰማሁት።»

«አንቺ ጥፋት የለብሽም። ስንዴው ውስጥ አስፓራጂን የሚባል ነገር አለ። እሱና ስኳሩ እሳት ላይ ሲገናኙ ነው ያ ነገር የሚወጣው። አስፓራጂኑን የሚያሠራው ዘረ መል ደግሞ ስንዴ ውስጥ በሦስት ቅጂ ነው ያለው። ሦስት ወንድማማች በያቸው። አንዳንድ ስንዴ አንዱ ወንድም ጎድሎት ይበቅላል። እኔ እንዲህ ያለውን ፈልጌ፣ ቆላችንን ከለመደው ስንዴ ጋር ስድስት ዓመት አዳቀልኩት። አስፓራጂኑ ሲያንስ ያም ነገር ያንሳል። ማነሱን በእውነተኛ እሳት ማሳየት ነው የቀረኝ።»

ናሲር ከምድጃው አፍ ዞር አለ። «አቦ፣ አንድ ወንድም ሥራ ሲተው ቤቱ ይሻሻላል ማለት ነው? ይህን አባቴ ሳይሰማ ሞተ። ሥራ የማይወደው እኔ ነበርኩ።»

ሶፊ ሳቀች፤ ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «ሁለቱም እኩል እሳት፣ እኩል ደቂቃ። ምንም ነገር አትለዩብኝ። እማማ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አልደነቆርኩም።»

ዳቦው ያን ቀን ተጋገረ፣ አደረ፣ ተቆረጠ። በማግስቱ ሁለተኛው እሳት ሲገባ ናሲር ሰዓቱን በስልኩ ያዘ። ሁለቱ ትሪዎች እኩል ገቡ፣ እኩል ወጡ። ጥሩወርቅም እንደ ሕጉ መጣች። የነጭ ክሩን ሰበረች፤ ቴምር ነው። የቀይ ክሩን ሰበረች፤ ወደ ብርሃን አዞረችው። ገለባ ይመስላል።

ይህ ዳቦ የተማሩ ሰዎች ፊት ሊቀርብ ነው። ያቺ ልጅ እናቷን አጥታ በዚህ ቤት ያደገች፣ አንድ ቀን እንኳ የምትለብሰው ሳይጎድልባት የኖረች ልጅ፣ የነጣ ዳቦ ይዛ ሰው ፊት ልትቆም ነው። ማን ጋገረው ሲባል ጥሩወርቅ ሊባል ነው።

«ይመለስ» አለች።

ናሲር አካፋውን አልዘረጋም። «ልጅቷ እኩል ደቂቃ ብላለች።»

«ልጅቷ ጥርስ ያወጣችው በዚሁ ዳቦ ነው። ይመለስ።»

ተመለሰ። አሥራ አራት ደቂቃ ሦስተኛ እሳት በላ፤ ቴምር ሆኖ ወጣ። ሶፊ ከሰዓት መጥታ ሁለቱን ከረጢት ስታይ ዓይኗ በራ። «ቀለሙ እኮ እኩል ነው» አለች፤ አያቷን ግንባሯን ሳመቻት። ጥሩወርቅ ስለ ሦስተኛው እሳት አልነገረቻትም። የተመሰገነች መስሏት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሶፊ ተመልሳ መጣች፤ ከጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ አሁን ግን እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«ውጤቱ መጣ» አለች። «የነጭ ክሩ በኪሎ አራት መቶ አሥር ማይክሮግራም። የእኔው አራት መቶ ሁለት። ያው ነው ማለት ነው።»

«ምን ይሆናል ታዲያ?»

«ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። የመስኖ ዘር ወቅቱ ደርሷል፤ የማሳው መደብ ለሌላ ዘር ይሰጣል። የእኔው ዘር ይፈጫል፣ ለከብት መኖ። አለቀ።» ቀና አለች። «ዱቄቱ ውስጥ አስፓራጂኑ አንሷል እኮ፤ ለክቼዋለሁ። እሳት ላይ ምን እንደነካው አላውቅም። ስድስት ዓመት፣ እማማ።»

ናሲር ጥሩወርቅን አየ። ጥሩወርቅ መሬቱን አየች። እውነቱን ልትናገር ብላ ተወችው። ከተናገረች ልጅቷ ምን ትላለች? ሰውስ? የጥሩወርቅ ዳቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ እሷም እያወቀች አጭበረበረች ሊባል ነው። ሶፊ ፊቷን ታጥባ ሄደች። አያቷ «በልተሻል?» ብቻ ነበር ያለቻት።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው ሃዎ ናት፤ ከሁለት ቤት ወዲያ የምትኖር የሶማሌ ልጅ፣ የስምንት ወር ልጇን አያንን በጎኗ ታቅፋ።

«እትዬ ጥሩ፣ ጠቆር ያለውን ስጪኝ። አያን ነጣ ያለውን አትወድም።»

አያን እጇ ላይ የትናንት ቁራሽ አለ። በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥርስ በሌለው ድድ፣ ከዳር ከዳር ትገዘግዘዋለች። ጥሩወርቅ ያን ጥቁር ጠርዝ አየችው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያየችው ጠርዝ ነው፤ እንዲህ አይታው ግን አታውቅም። እጇን ዘርግታ ከሕፃኗ አፍ ወሰደችው። አያን ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«ኧረ ምን ሆነሻል?» አለች ሃዎ።

«ምንም። ነጣ ያለውን ውሰጂላት ዛሬ። ናሲር፣ ያ ባለ ቀይ ክር ጆንያ የት አለ?»

«ጥግ ነው። ከሥሩ አራት ኪሎ ያህል ቀርቷል። ምን ልታደርጊው ነው?»

«አትንካው። ማንም እንዳይነካው። ባጃጅ ጥራልኝ።»

ናሲር ዓይኑን አጠበበ። «ባጃጅ?»

«አልሰማህም እንዴ?»

ባጃጁ ውስጥ ሁለት ጊዜ አማተበች፤ አንዴ ሲነሳ፣ አንዴ ሲታጠፍ። በቀረው መንገድ ለማማተብ ጊዜ አላገኘችም፤ በሁለት እጇ ብረቱን ይዛ ነበር። የምርምር ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው አቆማት።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«የልጅ ልጅ አለኝ» ብላ አለፈችው።

በስብሰባው ክፍል አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበዋል። ሰብሳቢው ዶክተር ኃይለየሱስ ከደጋ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል፣ ያልበዋል። ብዕሩ እጁ ላይ ነው። ሶፊ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አያቷን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ ምን ሆንሽ? ማን ታመመ?»

«ማንም። ዝም በይ፣ ለአንቺ አልመጣሁም።» ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «ደኅና አደሩ። ያንን ዳቦ የጋገርኩት እኔ ነኝ። ከመፈረምዎ በፊት የምናገረው አለኝ።»

«እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ነን። ውጭ ትንሽ ቢጠብቁን…»

«ውጭ ሆኜ የምናገረው አይደለም። ልጅቷ እኩል ደቂቃ ጋግሪ ብላኝ ነበር። አልጋገርኩም። የእሷ ስንዴ ነጥቶ ወጣ፤ አፈርኩ፤ መለስኩት። ሦስተኛ እሳት ነው የበላው። አሥራ አራት ደቂቃ። ምስክር አለኝ፤ ናሲር ይባላል።»

ጥሩወርቅ ሶፊን ላለማየት ዓይኗን ብዕሩ ላይ ተከለች።

ዶክተሩ ብዕሩን አልከደነም። «ስለነገሩን እናመሰግናለን። እንዲህ ከሆነ ናሙናው ተበላሽቷል ማለት ነው። የተበላሸ ናሙና ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ ለመጥቀምም ለመጉዳትም። መደቡ እስከ ሳምንት መዘራት አለበት። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና…»

«ዘሩን ለከብት ሊፈጩት አይደል? በሚቀጥለው ዓመት ምን ይዛ ትመጣለች?»

«እውነቱን ለመናገር፣ ገበሬው የሚጠይቀን ምርት ነው። ይህን የጠየቀን ሰው የለም።»

እዚህ ላይ ነበር ጥሩወርቅ ከቤተሰቧ የወረሰችው ደጋማ አንቱታ ያለቀው። ድሬዳዋ የተወለደ ሰው ለከንቲባም ለጉልት ነጋዴም አንተ ነው የሚለው፤ እሷ እስከዚያች ቀን ራሷን ስትገታ ኖራለች።

«እኔ እጠይቅሃለሁ» አለችው። «ስማኝ። ሁለት ሰው የድሬ ፀሐይ ላይ አቁም። አንዱ ሁለት ሰዓት ይቁም፣ ሌላው ሦስት ሰዓት። ሁለቱም እኩል ካላባቸው ጠንካራው ማነው?»

ዶክተሩ በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ።

«የዱሮው ስንዴ ሁለት እሳት በልቶ አራት መቶ አሥር አለ። የልጅቷ ሦስት እሳት በልቶ አራት መቶ ሁለት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አንተ የት ድረስ እንደተማርክ አላውቅም፤ ይህችን ግን ሁለታችንም መቁጠር አያቅተንም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት መዝገብ ገለጠች። ዊዳድ ትባላለች፤ ናሙናዎቹን የለካችው እሷ ናት። «ዶክተር» አለች ቀስ ብላ፣ «የቀይ ክሩ ናሙና ሲደርሰኝ እርጥበቱ ከሌላው በግማሽ ያነሰ ነበር። ጽፌዋለሁ፤ ይኸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ። ያለችው ይገጥማል።»

«ይገጥማል ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም» አለ ዶክተሩ።

«አይደለም» አለች ጥሩወርቅ። «ለዚህ ነው የመጣሁት። ከእሷ ዱቄት አራት ኪሎ ቀርቶኛል፤ የነጩም አለ። ፉርኖዬ ሙቅ ነው። ሰዓትህን ይዘህ ና፤ ቆመህ እይ። እኔን አትመን፤ እኔ በራሴም ላይ እምነት የለኝም አሁን። ግን እስኪለካ ድረስ ያንን ወረቀት አትፈርምም። ከፈረምክ እዚሁ ወንበር ላይ ነኝ፤ እንግዳ ማባረር ደግሞ በእናንተም አገር ነውር ነው።»

አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከጠረጴዛው ዙሪያ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዶክተር ኃይለየሱስ ብዕሩን ከደነው። «ዘሩ ይቆይ» አለ። «ዊዳድ፣ አንቺ ከሊጡ ጀምሮ ትቆጣጠሪያለሽ። እኔ ለሁለተኛው እሳት እመጣለሁ።»

በመመለሻው ሶፊ ከአያቷ ጎን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ከዚራ ደረሰች። ልትወርድ ስትል ጠየቀቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለነጣ አፈርኩ።»

«በእኔ ስንዴ?»

«በእኔ እጅ።»

ሶፊ ሒሳቡን ከፈለች፤ ከዚያ አያቷን እጇን ይዛ አወረደቻት። ገና ተቆጥታ ነበር፤ ግን በኃይል አልያዘቻትም።

ያን ቀን ሊጡ በዊዳድ ዓይን ሥር ተቦካ፣ ተጋገረ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙሉ በሙቀቱ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ዶክተሩ መጣ። እጅጌው ተጠቅልሏል። ሁለቱ ትሪዎች ገቡ። ጥሩወርቅ እጆቿን በሻርፗ ጠቅልላ ቆመች፤ ለማማተብ እንኳ አላወጣቻቸውም።

ትሪዎቹ እኩል ወጡ። ማንም አልነካቸውም። ናሲር አካፋውን ይዞ፣ ሠላሳ ዓመት እንደለመደው፣ ፊቷን ጠበቀ።

የነጭ ክሩን ሰበረች። ቴምር። የቀይ ክሩን ሰበረች፤ ወደ ብርሃን አዞረች። ያው ገለባ። ቃሏ ጥርሷ ድረስ መጣ። እናቷ ከኋላዋ የቆመች መሰላት፤ አባቷም፣ የዚህን ቤት ዳቦ ይዞ የተሳፈረ መንገደኛ ሁሉም።

«ትንሽ የነጣ አይመስልዎትም?» አለ ዶክተሩ፤ እንደ እንግዳ፣ በትሕትና።

«ነጥቷል» አለች ጥሩወርቅ። ቁራሹን ትሪው ላይ መለሰች። «አይመለስም።»

ናሲር አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ውጤቱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። የነጭ ክሩ አራት መቶ ስምንት፤ የቀይ ክሩ መቶ ሰባ አምስት። ኮሚቴው እጁን ሙሉ በሙሉ አልዘረጋም፤ ግማሽ መደብ ነው የፈቀደው፤ ምርቱም ይታያል አለ። ሶፊ ግማሹን መደብ በጀልዴሳ መንገድ በመስኖ ዘራችው። ጥሩወርቅ ግማሹን ስድብ ነው አለች፤ በየሳምንቱም ደውላ ፍየል ገብቶ እንደሆነ፣ ውኃው ተቋርጦ እንደሆነ፣ ወፍ በዝቶ እንደሆነ ትጠይቃለች።

አዲሱ ስንዴ ገበያ እስኪደርስ ገና ዓመታት አሉ። ጥሩወርቅ ግን እስከዚያ አልጠበቀችም። ሶፊን ጠይቃ፣ በዱሮው ስንዴ የሚጋገረውንም ሁለተኛ እሳት አለዘበችው፤ ዳቦው ለዘብ ባለ ሙቀት ረጅም ጊዜ ቆይቶ ይደርቃል እንጂ አይጠቁርም። የመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ሳይሸጥ ተረፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የሳቢያን ሴት ሙሉ ከረጢት ይዛ ተመልሳ ነጭ ነው አለቻት። ጥሩወርቅ ከረጢቱን ተቀበለች፤ በምትኩ ጠቆር ያለ አልሰጠቻትም።

ሃዎ መጣች። አያን ሁለት ጥርስ አውጥታለች።

«እትዬ ጥሩ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሰፈሩ ያወራል። ጥሩወርቅ አረጀች፣ እንጨት ሰሰተች፣ እሳት ፈራች ይላሉ።»

ጥሩወርቅ ከትሪው አንድ ነጣ ያለ አንስታ ለሕፃኗ ሰጠቻት። አያን አገላብጣ አየችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ በሁለቱ ጥርሷ ጫፉን ያዘች።

«ይበሉ» አለች ጥሩወርቅ። «ቴምር የፈለገ ቴምር ይግዛ።»